ማስወገጃ ይላል

ግንቡ ተሠርቶ ያለቀ ዕለት የሰፈሩ ሰው ሲያጨበጭብ፣ ጡረተኛው ርዕሰ መምህር እጃቸውን ከኋላ አጣምረው ጽሑፉን ያነቡ ነበር። በየክረምቱ ሞልቶ ሰው ቤት ሲገባ የኖረው ወንዝ ከእንግዲህ ከሰው ቁመት በላይ በሆነ ኮንክሪት ታጥሯል። በግንቡ ግርጌ፣ ልክ በእሳቸው በር ትይዩ፣ የመንገዱን የዝናብ ውሃ ወደ ወንዙ የሚያወጣ ሰፊ አፍ ተትቷል፤ ወደ ወንዙ ብቻ የሚከፈት የብረት ክዳን አለው። ሠራተኞቹ ከላዩ «የዝናብ ውሃ ማስወገጃ» ሊሉ አስበው፣ ሰሌዳው ስላልበቃቸው «ማስወገጃ» ብቻ ጽፈው ሄደዋል።

«ሰሌዳ ለክቶ መጻፍ ያቃተው ነው እንግዲህ ጎርፍ ለክቶ የገደበልን» አሉ ለልጃቸው፣ ከንፈራቸውን አጣመው።

ሰፈሩ በሌሉበት «ቀይ እስክሪብቶ» ይላቸዋል። ጋዜጣ ሲያነቡ እንኳ የፊደል ግድፈቱን በቀይ እያከበቡ፣ እርማቱን ኅዳጉ ላይ እየጻፉ ነው። የሰፈሩን ግማሽ ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው፤ በውጤቱ ግን ኮርተው አያውቁም። ፀጉር ሠሪዋ ለእሳቸው ዛሬም ክፍል ደጋሚ ናት። ባለሥጋ ቤቱ ደግሞ ማባዛት ሳይገባው ሚዛን የጨበጠ ሰው ነው።

ግንቡ ጎርፉን ሲዘጋ የቆሻሻ መኪናውንም መንገድ ዘጋው። መኪናው መዞሪያ ስላጣ ከአስፋልቱ መውረድ ተወ። ዱሮ ከመኪናው የተረፈውን ቆሻሻ ሰዉ ወንዝ ዳር ይደፋውና ጎርፉ ጠራርጎ ለታችኛው ሰፈር ያደርስለት ነበር፤ አሁን እሱም ቀረ። ታዲያ አንድ ጠዋት ፀጉር ሠሪዋ ፌስታሏን አንጠልጥላ መጣች፤ ሰሌዳውን ቀና ብላ አየች፤ ፌስታሉን ወደ ግንቡ አፍ ወረወረችው። በማግስቱ ባለሥጋ ቤቱ አጥንት በኬሻ እየጎተተ ደረሰ። ከዚያማ ሠልፍ ሆነ።

ርዕሰ መምህሩ በመስኮት እያዩ ይስቁ ነበር። አንድ ቃል ቢናገሩ ይበቃ ነበር፤ ግን ለማን ብለው?

«ሰዉስ የት ይጣለው፣ አባዬ?» አለች ልጃቸው።

«ኪሱ ይክተተው።»

ልጅቱ ክሊኒክ የምትሠራ ነርስ ናት። ሥራዋ አጠገብ ፎቅ ላይ ቤት አግኝታለች፤ አባቷ ግን ከሟች እናቷ ጋር የሠሩትን ቤት ጥለው አይሄዱም። በመጨረሻ አስማለቻቸው፦ ግንቡ ቆሞም ውሃ ከገባ፣ ያለ ክርክር ይሄዳሉ። ማሉ። ቃላቸውን አጥፈው አያውቁም፤ ይህንንም መሐላውንም ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ክረምቱ ገባ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ዝናቡ ሳያባራ ወረደ። መንገዱ ላይ የተኛው ውሃ መውጫ አጥቶ ወደ እሳቸው በር ይሳብ ጀመር። ርዕሰ መምህሩ ጃንጥላና ቆሻሻ መሰብሰቢያ ሬክ ይዘው ወጡ። ፀጉር ሠሪዋና ባለሥጋ ቤቱ ከፀጉር ቤቱ በረንዳ ላይ ተጠልለዋል።

«እናንተ የማትረቡ! ይሄ እኮ የውሃ መውጫ ነው!»

«ማስወገጃ ይላል እኮ፣ ጋሼ» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

«ቆሻሻ የሚል የት አየሽ?»

«ውሃ የሚልስ እርስዎ የት አዩ?»

ባለሥጋ ቤቱ ሳቁ አመለጠው። «ማንበብ ያስተማሩን እርስዎ አይደሉ እንዴ?»

«ማንበብ ነው ያስተማርኩት። ማሰብ ከቤት ይመጣል።»

«ታዲያ እያወቁ ለምን ዝም አሉን?» አለች።

ርዕሰ መምህሩ ሱሪያቸውን ሰብስበው ውሃው ውስጥ ገቡ። ያኔ ሳቁ ቆመ። ባለሥጋ ቤቱ ሥጋ የሚሰቅልበትን ሜንጦ ይዞ ተከተላቸው፤ ፀጉር ሠሪዋም ጫማዋን አውልቃ ገባች። አጥንት ወጣ፤ የተቆረጠ ፀጉር ወጣ፤ ዳይፐር ወጣ። ከዚያ አንድ ጥቁር ፌስታል ሜንጦው ላይ ተቀደደና የታጠፈ ጋዜጣ ዘረገፈ። ባለሥጋ ቤቱ አንዱን አንስቶ፣ በቀይ የተጻፈውን ጮክ ብሎ አነበበ፦

«‹ኃላፊነት› በ‹ኃ› ይጻፋል!»

ማንም አልሳቀም።

«ልጅዎ ናት፣ ጋሼ» አለች ፀጉር ሠሪዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ።»

ርዕሰ መምህሩ የጓዳው ባልዲ በየጊዜው ባዶ ሆኖ ሲያገኙት የት እንደተደፋ አንድም ቀን ጠይቀው አያውቁም።

«ከእናንተ ተምራ ነው!» አሉና መሳብ ቀጠሉ።

በስተመጨረሻ ክዳኑ ተከፈተና ውሃው እያጓራ ወደ ወንዙ ወጣ። ግን ዘግይቶ ነበር፤ ሳሎን ገብቷል። ሁለቱ ሳይጠሩ ተከትለዋቸው ገቡ፤ ምንጣፉን አነሱ፤ ወለሉን ወለወሉ። ልጅቱ ስትደርስ ፀጉር ሠሪዋ ጨርቅ ትጨምቅ ነበር።

«ገባ?» አለች ልጅቱ ከበሩ ላይ ቆማ።

«ኧረ የምን መግባት!» አለች ፀጉር ሠሪዋ ቀልጠፍ ብላ። «ደጃፉ ላይ ቀረ። እኛ እንዲያው ወለሉን እናጥብላቸው ብለን ነው።»

«እውነቷን ነው» አለ ባለሥጋ ቤቱ።

ልጅቱ አባቷን አየች። ከእሳቸው የሚፈለገው ዝምታ ብቻ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ፀጉር ሠሪዋን ተመለከቷት፤ ክፍል ደጋሚዋ እያዘነችላቸው ነው። ለእሷ የዚህ ውለታ ባለዕዳ ከሚሆኑ፣ ጎርፉ ራሳቸውን ቢወስዳቸው መረጡ።

«ገብቷል» አሉ። «እስከ ቁርጭምጭሚት። እነዚህ ውሸት እንኳ አሳምረው አይዋሹም።»

ፀጉር ሠሪዋ ጨርቁን ወለሉ ላይ ጣለችው።

«ጋሼ፣ ያኔ ዝም ባይሉ፣ አሁን ዝም ቢሉ ምን ነበረበት!»

እሳቸው ግን መኝታ ቤት ገብተው አልጋቸው ሥር ጎንበስ ብለው ሻንጣቸውን እየሳቡ ነበር። ሻንጣው ከሥሩ ርሶ ወለሉ ላይ መስመር እያሰመረ ወጣ።