በደረቁ የተወቀጠ ወለል

ነሐሴ አሥራ አንድ ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የትነበርሽ ጣቷን በአባቷ ቤት ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ከተተች። ትናንት ጥፍሯን ብቻ ያስገባ የነበረው ስንጥቅ ዛሬ ጣቷን እስከ አንጓው ዋጠው።

ቤቱ ከማክሰኝት ወጣ ብሎ ጥቁር ዋልካ መሬት ላይ ነው የተሠራው። አባቷ ሐብተ ማርያም ከሞተ ነገ አርባው ነው። ውጭ ዳስ እየተተከለ ቢሆንም እናቷ እናኑ ዝናቡን ፈርታ ቄሶቹንና ዘመዱን ቤት ልታስገባ ወስናለች። የሚቀመጡት እዚያው ግድግዳ ሥር ነው።

የትነበርሽ ጎንደር የአፈር ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። በቀደም ከወለሉ ጥግ ቆፍራ የወሰደችውን አፈር፣ ልክ አባቷ ወለሉን እንደሠራው በደረቁ አጥብቃ ወቅጣ ውሃ ውስጥ ነክራው ነበር። አፈሩ አብጦ የተጫነበትን ብረት ሽቅብ ገፋው። ረጠብ አድርጋ የወቀጠችው ግን እምብዛም አላበጠም።

ይህን ስትነግራቸው አጎቷ ቢሻው የዳሱን እንጨት እየጠረበ ሳቀ።

"አፈር አበጠ ትለናለች። ሊጥ መሰላት።"

እናኑ አልሳቀችም። "አባትሽ በጋውን ሙሉ የወቀጠው ነው። ምነው፣ አርባው ሳይወጣ ድካሙን ታናንቂበታለሽ?"

"አልናቅሁም፣ እማ። አጥብቆ ስለወቀጠው እኮ ነው። በደረቁ የተጠቀጠቀ ዋልካ ውሃ ሲያገኝ ይነሳል፤ በጋ ሲመጣ ደግሞ ተኮማትሮ ይሸሻል። ግድግዳው ይህን አይችልም።"

እናኑ ቤት ገብታ በሩን ከኋላዋ ገፋችው። ጥቂት ቆይቶ ድምፅዋ ከውስጥ ተሰማ።

"የትነበርሽ፣ በሩ እምቢ አለኝ።"

የትነበርሽ በትከሻዋ ገፋች፤ አልነቃነቅ አለ። ከበሩ በላይ ያለው ጭቃ እየተፈረፈረ አንገቷ ላይ ወረደ። ቢሻው ፋሱን ጥሎ መጣና አብረው ሲገፉት በሩ በግድ ተከፈተ። እናኑ ፊቷ አመድ መስሎ ወጣች።

እንግዳው ሁሉ ዳስ ውስጥ እንዲቀመጥ ተስማማች። "እኔ ግን ከሱ አልጋ ሌላ ቦታ አልተኛም" አለች።

የትነበርሽ መዶሻ አንስታ የበሩን ማጠፊያ መንቀል ጀመረች።

"ሌባ ቢገባስ?" አለ ቢሻው።

"ይግባ፣ አያ ቢሻው።"

በሩን አውርዳ ከአጥሩ ጋር አስደገፈችው።

ተዝካሩ በሰላም አለፈ። ግድግዳው ስላልወደቀም ቢሻው ሲቀልድባት ሰነበተ። የወደቀው በጳጉሜን ነው። እናኑ ጣሪያው ሲንቋቋ ሰምታ በባዶው የበር መቃን ሮጣ ወጣች፤ አልጋው ከጭቃው ሥር ቀረ።