የማይከፈተው ነጭ ኮት

ነጩን የክብር ኮቴን መጀመሪያ ስለብሰው በጣም ነበር ያፈርኩት። ቁልፎቹ የውሸት ናቸዋ! ከፊት ወርቃማ ቁልፍ ተደርድሮ ከስር ግን የሕፃን ጫማ ላይ ያለው ጨርር የሚል ማጣበቂያ ነው።

የደሴታችን የባሕር ነፍስ አድን ፈቃደኞች ሁሉ እንደዛ ነው የምንለብሰው። ድሮ እስከ አንገት ድረስ እውነተኛ ቁልፍ ነበረው አሉ። ከዛ የሎሎ፣ የአያቴ ማለቴ ነው፣ ታናሽ ወንድም በበዓል ቀን ከነኮቱ ባሕር ውስጥ ሰጥሞ ሞተ። ሲያወጡት ጣቶቹ አንገትጌው ላይ ነበሩ። ሎሎ የዛኑ ዓመት የሁሉንም ቁልፍ በጥሶ ማጣበቂያ ሰፋበት። ከዛ ወዲህ በበዓሉ የደሴታችንን ጠባቂ የቅድስቷን ሐውልት በጀልባ ከማዞራችን በፊት ወደቡ ላይ ተሰልፈን ሁላችንም ኮታችንን በአንዴ ጨርርር! ልጆቹ በሳቅ ይሞታሉ።

ዘንድሮ ግን አዲሱ አለቃችን፣ ጠበቃው ቪያሩዝ፣ ከተማ አሰፍቶ ባለ እውነተኛ ቁልፍ ኮት አመጣ።

«እንግዳ አለብን፣ እስቲ አንዴ እንኳን ባሕር ኃይል እንምሰል!»

«አንተ ምን አለብህ፣ የምትቆመው መሬት ላይ ነው» አለው ሎሎ።

«ሎሎ ደግሞ ሁሌ ሟርት!»

አባዬ የቅድስቷን ጀልባ ስለሚነዳ አዲሱን ለበሰ። ለእኔ አልደረሰኝም።

«ጆና፣ ያንቺ እኮ ዳይፐር ነው የሚመስለው» ብሎ አባዬ ሳቀብኝ።

ሎሎ አልሳቀም። የአባዬን አንገትጌ ሊፈታ ሞከረ፣ ቁልፉ እምቢ አለው።

«አውልቀው ልጄ።»

«ስንመለስ፣ አባቴ።»

ላይፍ ጃኬቶቹም ኮቱን ይሸፍናሉ ተብሎ ከመቀመጫ ስር ተጠቅጥቀዋል።

ከአባዬ ጋር በጀልባዋ ከደሴቷ ጀርባ ስንደርስ ነፋሱ ተነሳ። አብሮን የተሳፈረው የሙዚቃ ባንድ መጫወት አቆመ። ጀልባዋን ከጎን የሚደግፋት ቀርከሃ ሲሰበር እንደ ጥይት ጮኸ፣ ከዛ ሰማዩ የት እንደሄደ እንጃ፣ ውሃ ብቻ ሆነ።

ኮቴ ክንዴን ያዘኝ። ሳብኩት፣ ጨርር፣ ተገላገልኩ። ብቅ ስል ሌሎቹ የተገለበጠችውን ጀልባ ይዘዋል። አባዬ የለም።

«አባዬ!»

ትንሽ ራቅ ብሎ ነጭ ነገር አየሁ። ስደርስ ፊቱ ሰማያዊ ሆኗል፣ ኮቱ ውሃ ጠጥቶ ወደ ታች ይጎትተዋል። ጣቶቹ የት ነበሩ መሰላችሁ? አንገትጌው ላይ። እዛው ቦታ።

ቁልፉን ይዤ አጣመምኩት። ጨርቁ ርሶ ቀዳዳው ጠብቋል፣ ጣቴ ያዳልጣል። አባዬ ዓይኔን እያየኝ መስመጥ ጀመረ። አብሬው ገባሁ። ውሃ ውስጥ አንገቱ ስር ገብቼ የቁልፉን ክር በጥርሴ ነከስኩት። አልበጠስ አለ። ደረቴ ሊፈነዳ ነው። እንደገና ነከስኩ፣ እንደ ውሻ አናወጥኩት፣ ከዛ የሆነ ነገር ለቀቀ።

ሎሎ ከኋላ ሲከተለን በነበረበት ትንሽ ጀልባ ላይ ሲጎትቱን አባዬ እያስታወከ ነበር። ሰው ሲያስታውክ ማየት እንደዛ ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሎሎ «አፍሽን ክፈቺ» አለኝ። እምቢ አለኝ፣ መንጋጋዬ ተቆልፏል። በጣቱ ፈልቅቆ ሲከፍተው ቁልፉ ወጣ፣ የጥርሴ ምልክት ያለበት።

ቁልፉ አሁን የአባዬ ኮት ላይ ነው፣ ከላይ የመጀመሪያው። ከስሩ ማጣበቂያ አለ። ሎሎ ራሱ ነው የሰፋው። ጠበቃው የራሱን ኮት ይዞ መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል፣ ሎሎ ማጣበቂያ እንዲሰፋለት ተራውን እየጠበቀ፣ ማናችንም ግባ አላልነውም።