ቆሻሻ የሚችል ቀለም

ሐኪም የፈራ ሰው ፀጉሩን ይቆረጣል፣ ጫማውን ያስጠርጋል፣ አዲስ ሸሚዝ ይገዛል፤ ብቻ የሐኪሙን ደጅ ላለመርገጥ የማያደርገው ነገር የለም። ሽማግሌው ሾፌርም ያን ሐሙስ በድንገት የቀለም ነገር ያንገበገበው ለዚሁ ነበር።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከተራራው የጨው ሐይቅ ጨው እየጫነ፣ ዘጠኝ ጥምዝ ያለውን ቁልቁለት እየወረደ፣ ታች ካለው መጋዘን ሲያራግፍ የኖረ ሰው ነው። ሰባተኛው ጥምዝ ከለላ የለውም፤ በግራ በኩል አየር ብቻ ነው። እሱ ግን እዚያ ሲደርስ ያፏጫል ተብሎ በሾፌሮች ሁሉ ዘንድ ይወራለታል። ከስድስት ዓመት በፊት ጉልበቱ አልታዘዝ ሲለው ቁልፉን ለሴት ልጁ አስረከበ። መኪናዋን ቤተሰቡ «ባልቴቷ» ይላታል፣ ጠዋት ጠዋት በደንብ ሳታስል አትነሳምና።

ሐሙስ ከሰዓት ልጅቷ ባልቴቷን ግቢ አስገብታ ልትታጠብ ገባች። አባት ጥላ ላስይዛት ብሎ ሞተር አስነሳና ጥቂት ወደፊት ሲነዳት ከእግሩ ሥር «ቀጭ» አለ። ወደኋላ መለሳት። «ቀጭ»። ጋቢናው ውስጥ መሪውን እንደያዘ ብዙ ቆየ። ልጁ ፎጣ ጠምጥማ ብቅ ስትል፣ ነገሩን ቀላል አስመስሎ ጠየቃት።

«እሱማ ከክረምት ጀምሮ ነው፣» አለች። ቁልቁለት ላይም ትንሽ ወደ ግራ እንደምትጎትት፣ መሪውን ጠበቅ አድርጎ መያዝ ብቻ እንደሆነ ነገረችው። «አታስብ አባዬ፣ እችላታለሁ።»

በዚያ ቤት መቻል ትልቅ ማዕረግ ነው። ልጅቷ ገና በስድስት ዓመቷ ከብስክሌት ወድቃ ክንዷ ሲሰበር ከንፈሯን ነክሳ ዝም ያለች ጊዜ፣ አባት «ልጄ ቻይ ናት» እያለ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቷል። እናትየው ግን ሌላ ፍጥረት ናት። ጥርሷን ካመማት የማይሰማ ጎረቤት የለም፤ በሩ ከጮኸ፣ ቧንቧው ካንጠባጠበ፣ ትናገራለች። እሱም ጨቅጫቃ ይላታል። ባልቴቷ ድምፅዋ ተለውጧል ብላ ከክረምት ጀምሮ ስትነዘንዘው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ነው የከረመው።

ራት ቀረበ። ሜካኒክ ይያት ለማለት አፉን ከፈተና፣ ከአፉ የወጣው ሌላ ሆነ። ባልቴቷን ከሥር፣ የተሸከማትን የሻንሲ ብረት፣ ቀለም ላስቀባት፣ ጨው እንዳይበላት፣ የሚበረክት ወፍራም ቀለም፣ አለ።

ሚስቱ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ድምፅ የሰማ ሰው ቀለም ይገዛል?»

እሱ እንዳልሰማ ሆኖ ውሃ ጠጣ።

በማግስቱ ጠዋት አባትና ልጅ ቀለም ቀቢው ጋ ደረሱ። ቀቢው ቅንድቡ ሳይቀር በቀለም የተረጨ ቀጭን ሰው ነው፤ ቱታው መጀመሪያ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው የሰፋው ሰው ራሱ አያስታውስም። ባልቴቷን መኪና ከሥሩ የሚሠራበት ጉድጓድ ላይ አቆሙለትና ያለውን ምርጫ ዘረዘረ። ሬንጅ አለ፣ ወፍራም፣ ጥቁር፣ ባንድ ቀን የሚያልቅ። ከቆርቆሮው ተከፍቶ በቀጥታ የሚቀባ ተራ የሻንሲ ቀለምም አለ። ሌላው ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ብረቱ እስኪያበራ ተፍቆ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ መጀመሪያ ቀይ ፀረ ዝገት ይቀባና ከላዩ ከማጠንከሪያ ኬሚካል ጋር የሚቀላቀለው ቀለም ይደረብበታል። እሱ አንዴ ከደረቀ እንደ ሸክላ ነው፣ ጨው ጥርሱን ይሰብርበታል እንጂ አይገባበትም አለ።

ሽማግሌው ግን የመረጠው ከቤቱ ሳይወጣ ነው። «ሬንጅ ይሁን። ወፈር አድርገው። ጥቁር ቆሻሻ ቻይ ነው።»

«ቆሻሻስ ይችላል፣» አለ ቀቢው፣ ከግድግዳው ምስማር ላይ ትንሽ መዶሻ እያወረደ። የተበላ ቦታ እንዳለ ብረቱን ሳያንኳኳ እንደማይቀባ ተናገረ። ሽማግሌው ሰኞ ጭነት እንዳለ፣ ማንኳኳቱ ጊዜ ማባከን እንደሆነ፣ ብረቱንም እንደ እጁ መዳፍ እንደሚያውቀው ሽንጡን ገትሮ ተከራከረ። ቀቢው እሺም እምቢም ሳይል ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ልጅቷ ተከተለችው። ሽማግሌው ከላይ ሆኖ ሊጠብቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። የማይታየው ነገር ከሚታየው በላይ አስፈራውና ጉልበቱን እያባበለ ወረደ።

ቀቢው መብራቱን ከፍ አደረገ። «ሬንጅ አለባት እኮ። ማን ነው የቀባት?»

የቀባው ራሱ ሽማግሌው ነበር። ቁልፉን ለልጁ ባስረከበ ሰሞን ሬንጅ ከተቃጠለ የሞተር ዘይት ጋር በግማሽ በርሜል አፍልቶ፣ ሁለት ቀን ሙሉ በጀርባው ተኝቶ፣ ፊቱ ላይ እየተንጠባጠበበት ቀብቷታል። እንግዳ በመጣ ቁጥርም «ለልጄ ካፖርት አለበስኩላት» ይላል። የማይናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም የሚቀጥለው ቀን ጭነት ስለነበረ፣ ጨዋማውን ሻንሲ በጎማ ውሃ ረጨት ረጨት አድርጎ፣ ሳይደርቅ ነው ሬንጁን የደረበበት። ጥቁሩ ሲለብስ ሁሉም ነገር አምሮ ነበር።

«የቆየ ነው፣» አለ።

ልጅቷ አየችው።

ቀቢው ከኋላ ጀመረ። መዶሻው ስንዝር በስንዝር እየተጠጋ «ቅንንን» ይላል፣ እንደገና «ቅንንን»። ሽማግሌው በየምቱ መሀል ትንፋሹን እየያዘ በልቡ ይቆጥራል። ወደ ፊት፣ የመንገዱን መንገጫገጭ የሚያለዝበው የግራው ባሌስትራ ከሻንሲው ጋር የሚያያዝበት አጠገብ ሲደርስ ድምፁ ተለወጠ። «ድፍ» አለ። ቀቢው ቆም አለና ደገመው። «ድፍ»።

መፋቂያውን ከሬንጁ ሥር ሰደደና ወደ ራሱ ሳበው። ጥቁሩ የጫማ ሶል ያህል ሆኖ ተገነጠለ፤ በጀርባው ቡናማ ዝገት ተሸክሞ መጣ፤ ከሥሩ ያለውም ርጥብ ነበር። ቀቢው በአመልካች ጣቱ ጫን ሲለው ጣቱ ብረቱ ውስጥ ጠልቆ ገባ። ከቀዳዳውም ሽቅብ የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ ይሄዳል፣ ረጅም ነው። የዚያ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ባለቤት እሱ ነበር።

ቀቢው ጣቱን በጨርቅ ጠረገ። «እንዲያው ራቁቷን ብትሆን ኖሮ ገና ድሮ ይታይ ነበር። ጨውን ከነውሃው አሽጎባታል፣ ይሄ ጥቁር።» ከዚያ ማን እንደሚነዳት ጠየቀ።

«እኔ፣» አለች ልጅቷ።

ቀቢው መብራቱን መልሶ ወደ ስንጥቁ አዞረ። ሽማግሌውን ክው ያደረገው ያ ነው። ሰባተኛው ጥምዝ መጣበት። ከክረምት ጀምሮ ስንት ጊዜ ወርዳዋለች? በሳምንት ሦስቴ፣ አንዳንዴ አራቴ፣ ያን ሁሉ ጨው ተሸክማ፣ መሪውን ጠበቅ አድርጋ፣ በዚህ ስንጥቅ ላይ። የጉድጓዱ ደረጃ ላይ ቁጭ አለ።

«እኔ ነኝ የቀባሁት፣» አለ። «ሳይደርቅ ነው የቀባሁት።»

«መቅባትህንማ ማን ያጣዋል አባዬ፣» አለች ልጅቷ። ድምፅዋ እንደ ወትሮው የረጋ ነው። «ድምፁንም የደበቅኩህ ለዚያ ነው። ሰው በመጣ ቁጥር ስለ ካፖርቱ ታወራለህ። ካፖርቱ ውስጥ የሆነ ነገር ይጮኻል ብዬ እንዴት ልንገርህ?»

ያሳደጋት እሱ ነው፣ ከንፈሯን ስትነክስ ያጨበጨበላትም እሱ ነው። የእናቷን ጭቅጭቅ ሩቡን እንኳ ወርሳ ቢሆን፣ ገና በክረምቱ ጮኻ ግቢውን ታምሰው ነበር። «ከዛሬ ጀምሮ ሁሉንም ንገሪኝ፣» አላት። «ትንሽም ቢሆን። አትቻይ።»

የሰኞው ጭነት ለሌላ መኪና ተላለፈ። አንድ በያጅ ከጎረቤት ጋራዥ መጥቶ የተበላውን ቆርጦ ወፍራም ብረት ተካበት፤ ስንጥቁንም ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘጋው። ሻንሲው ከዳር እስከ ዳር ተፈቅፍቆ ብርማ ሆነ፣ በንጹሕ ውሃ ሦስቴ ታጠበ። ከዚያ መድረቅ ነበረበት። ሽማግሌው ወንበር አምጥቶ አጠገቡ ተቀመጠና በየግማሽ ሰዓቱ ብረቱን በእጁ ጀርባ እየዳሰሰ፣ ደረቀ ወይ፣ አልደረቀም፣ እዚህ ጋ ቀዝቀዝ ይላል እያለ ቀቢውን መግቢያ መውጫ አሳጣው። ቀቢውም ከእኚህ ሰውዬ ሁለት አማት ባንድ ቤት ይሻለኛል ብሎ ለበያጁ አማረረ።

ቀዩ ፀረ ዝገት ተቀብቶ ደረቀ። ቀቢው ማጠንከሪያውን ይዞ መጣና የላዩ ቀለም ጥቁር ይሁን ግራጫ ብሎ ጠየቀ።

«ነጭ።»

በያጁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ዞረ። ሙሽራ ልትሆን ነው እንዴ አለ። ቀቢው ግን ሽማግሌው የቀለደ መስሎት ፈገግ አለና መልሶ ተወው። «አባቴ፣ ለጨው መኪና? ያውም ከሥር? ነጭ እኮ ቆሻሻ አይችልም። አንድ ነጥብ ዝገት ብትወጣ ከሩቅ ያጋልጥዎታል።»

«እንዳይችል ነው የፈለግኩት፣» አለ ሽማግሌው። «አንድ ነጥብ ስትወጣ ልየዋ።»

ባልቴቷ ግቢ ስትገባ ሚስቱ ጎንበስ ብላ ነጩን ሆዷን ከዳር እስከ ዳር አየች። ከእኔ የባሰች ጨቅጫቃ አመጣህብኝ አለችው። ደስ ብሏታል፤ ያን ቀን በሩ ሲጮኽ እንኳ አልተናገረችም።

ልጅቷ በተከታዩ ሐሙስ ማለዳ ጭና ወረደች። ሽማግሌው ከእኩለ ቀን ጀምሮ የግቢውን በር ከፍቶ ቆሞ ዋለ። የሞተር ድምፅ በሰማ ቁጥር ወደ መንገዱ ብቅ ይላል፤ የአሸዋ መኪና ይሆናል፣ አውቶቡስ ይሆናል። ሚስቱ ተቀመጥ ብትለውም አልሰማ አላት። አሥር ሰዓት አለፍ ሲል ባልቴቷ መጣች። ስትገባ ጆሮውን ቀጥ አደረገ። «ቀጭ» የሚል የለም።

ልጅቷ ሰላም እንኳ ሳትለው ካርቶን አነጠፈችና በጀርባዋ ከመኪናው ሥር ገባች። የስልኳን መብራት አበራች። ትንሽ ቆይቶ «አባዬ፣ ና እስቲ» የሚል ድምፅ መጣ።

እንደምንም ጉልበቱን አጥፎ፣ እያቃሰተ ገብቶ አጠገቧ ተጋደመ። ነጩ ብረት ላይ፣ አዲሱ ብረት ከተበየደበት አጠገብ፣ የጥፍር ያህል ቡናማ ነጥብ አለ። አውራ ጣቱን ዘርግቶ ጠረገው። ለቀቀ።

«ጭቃ ነው።»

«አውቃለሁ፣» አለች። «ሁሉንም ንገሪኝ ብለህ የለ?»

ሳምንቱን ሙሉ ያልሳቀው ሰውዬ ሳቀ፤ ጠባቡ ቦታ ሳቁን መልሶ ፊቱ ላይ አፈሰሰው። ሳቁ ሲያልቅ እንዲያው ለወጉ ያህል «ሌላስ?» አላት።

ልጅቷ መብራቱን አጠፋች። «ሰባተኛውን ጥምዝ እፈራዋለሁ» አለች። «ስንጥቁ አይደለም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው። አንተ እያፏጨህ የምታልፈውን እኔ ዓይኔ ጨልሞ ነው የማልፈው።»

ሽማግሌው መዳፉን ነጩ ብረት ላይ አሳረፈ። ከቤት ውስጥ ሚስቱ ምን እየሠራችሁ ነው እያለች ትጣራለች።

«ለምን የማፏጭ ይመስልሻል?» አላት።