ሳይጠለል የገባ ቤንዚን

የጀልባውን ሞተር ገመድ እንደገና ሳበው። ሞተሩ አንዴ አስሎ ዝም አለ። ከካርቡሬተሩ ሥር ቤንዚን ጠብ ጠብ እያለ ውሃው ላይ ተንጣለለ።

«ተወው በቃ፤ ሌላ ቀን ይመጣሉ» አለችው ታላቅ እህቱ ዳር ላይ ቆማ።

«የትኛው ሌላ ቀን፣ እትዬ?»

ማዶ የሚኖሩት አማቱ የልጃቸው፣ የሚስቱ፣ ቀብር አምልጧቸዋል፤ ያን ዕለት ማዕበሉ አላሻግር ብሎ። ነገ ደግሞ የለቅሶው ድንኳን ይነሳል። ዛሬ ውሃው ረግቷል፣ ግን ከሰዓት በኋላ ነፋስ አይቀርም። ሞተር ያላቸው ሌሎች ጀልባዎች ዓሣ ፍለጋ ወጥተዋል። አሮጊቷ ከጧት ጀምሮ ማዶ ተቀምጠው እየጠበቁት ነው።

ከድንኳኑ ሁለት ሴቶች አጮልቀው ያዩታል።

«አንድ ዘለላ እንባ አላወጣም እኮ!»

«ደንግጦ ነው።»

«ምን መደንገጥ፣ ልበ ደንዳና ቢሆን ነው እንጂ።»

ሹክሹክታቸው ውሃ ይሻገራል፤ እሱም ሰምቷል። ግን ምን ይበላቸው? ከቀብሩ ወዲህ ሥራቸው ሻይና ዳቦ እያቀረቡ «ብላ እንጂ፣ በሞቴ!» ማለት ነው። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ በሞቴ የሚል ሰው! እሱ ዳቦውን ሳይነካ ይመልሰዋል።

እጁ የነዳጁን የጎማ ፓምፕ ሊጨምቅ ሄደና ቆመ። ሚስቱ ብታየው ኖሮ እጁን መታ ታደርገው ነበር። «ሰውዬ፣ ጠግቦ የታፈነን ታበላለህ እንዴ?» ትለው ነበር። እሱ ሞተር እምቢ ሲለው ቤንዚን መጨመር ብቻ ነው የሚያውቀው። እሷ ግን መጀመሪያ አፍንጫዋን አስጠግታ ታሸት ነበር።

በተጋቡ ሰሞን የሞተር ጠጋኙ ዛሬ ነገ እያለ ሲያመላልሳቸው ትዕግሥቷ አለቀ። «ሰው የገጠመውን ሰው ይፈታዋል» አለችና ካቻቢቴ አነሳች። ጠጋኙ ሳቀባት። በዓመቱ ግን የራሱን ደንበኞች እየላከላት ነበር።

አሁን እሱም ካቻቢቴውን አነሳ። የነዳጁን ቱቦ ነቀለ፣ እሳት የሚሰጡትን ካንዴላዎች ፈታ፤ በቤንዚን ርሰዋል። ካርቡሬተሩን አውርዶ ከፈተው። የነዳጁን ልክ የምትጠብቀው ተንሳፋፊ አልተበሳችም፤ ጆሮው ላይ ቢነቀንቃት ውስጧ ምንም አይንቦጫቦጭም። እንግዲህ የቀረችው ነዳጁን የምትዘጋው መርፌ ናት። ሚስቱ ታደርግ እንደነበረው ካርቡሬተሩን ገልብጦ የነዳጅ መግቢያው ላይ አፉን ገጠመና ነፋ። ትንፋሹ ሽው ብሎ አለፈ። መርፌዋ አልገጠመችም ማለት ነው።

አወጣት። ጫፏ ላይ የአሸዋ ቅንጣት ተለጥፋለች።

ወዲያው ገባው። እሷ ቤንዚን ሳይጠለል አታስገባም ነበር፤ ከአሮጌ ቀሚሷ የቀደደችው ጨርቅ ዛሬም የጀልባው ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። የታመመች ዕለት ሐኪም ቤት ሊያደርሳት ሲጣደፍ ነው ከጀሪካኑ እንዲሁ የገለበጠው። እሷም ጀልባው ውስጥ ተጋድማ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «ጠለልከው?» አለችው። «አዎ» አላት። እሷን የዋሻት የመጨረሻዋ ውሸት ይህች ሆና ቀረች።

መርፌዋን በቀሚሷ ጨርቅ ጠረገ፣ መቀመጫዋን አጸዳ፣ መልሶ ገጠመና ነፋ። አሁን ትንፋሹ አላለፈም፤ ተመልሶ ጉንጩን ወጠረው።

«ጉንጭህ እንደዚያ ተነፍቶ ከቀረ ድኗል ማለት ነው» ትለው ነበር፣ በሁለት ጣቷ ጉንጩን ጫን እያደረገች፣ እየሳቀች።

ጉንጩን እንደነፋ ቀና አለ። ፊት ለፊቱ ማንም የለም። ያን ጊዜ የያዘው ትንፋሽ በልቅሶ ወጣ፤ ካርቡሬተሩን ደረቱ ላይ ይዞ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ሴቶቹ ወደ ድንኳኑ ተመለሱ። እህቱ ጠጋ ብላ፣ እስኪወጣለት ጠብቃ፣ ሳሙና ኪሱ ውስጥ ከተተችለት።

«ማዶ ስትደርስ ታጠብ» አለችው። «በቤንዚን እጅ አማት አይጨበጥም።»

ጨርቁን አርግፎ ቤንዚኑን ጠለለው። ካርቡሬተሩን መልሶ አስሮ፣ ካንዴላዎቹን አድርቆና ገጥሞ ገመዱን ሲስበው ሞተሩ ተነሳ።

አማቱ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ በሞተሩ ድምፅ ለዩት። ወርዶ ዳር ላይ ተቀመጠና ሳሙናውን አወጣ።

«መጣህ ልጄ? ምን ትሠራለህ እዚያ?»

«እጄ ቤንዚን ቤንዚን ይላል፣ እማማ። ታጥቤ ልሳምዎት።»

አሮጊቷ በዳበሳ መጥተው እጁን ያዙት። ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት። ከዚያ መዳፎቹን ሁለቱንም ፊታቸው ላይ አደረጓቸው፤ እንባቸው በጣቶቹ መሃል ወረደ።

«እሷም ልትጠይቀኝ ስትመጣ እንዲህ ነበር የምትሸተኝ» አሉ። «አትታጠብ። እስክንሻገር ድረስ አትታጠብብኝ።»

ሳሙናውን ወደ ኪሱ መለሰው።