የሻፊ ቱርቦ

ሻፊ ስለ ብረት ሲያወራ ብትሰሙት ስለ ልጁ የሚያወራ ይመስላችኋል። የኮምባይነር ኦፕሬተር ነው። በቦና፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ስንዴው ሲደርስ፣ ከሮቤ ዙሪያ እስከ ጎሮ ያጭዳል። እኔ ሮቤ ውስጥ፣ የጎባ ሚኒባሶች ከሚቆሙበት ፊት ለፊት ባለው የአባቴ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ እሠራለሁ።

«ይሄ አጨዳ ይለቅ እንጂ ሽማግሌ እልካለሁ» ያለኝ በዘጠና ሦስት ነው። አጨዳው አለቀ፣ ማሽኑ ግን ወደ አርሲ ሄደ፤ እሱም አብሮ ሄደ። በዓመቱ ዝናቡ ሆነ ምክንያቱ፣ ቀጥሎ ደግሞ የአጎቱ ሕመም። እኔ ሁልጊዜ እሺ ነው። አክስቶቼ ፈርዶሳን የመሰለ ታጋሽ የለም እያሉ ለጎረቤት ያወሩ ነበር፤ እኔ ሞኟም ደስ ይለኝ ነበር።

በዘጠና ስድስት ቦና መግቢያ ላይ ሱቅ መጥቶ ጨርቅ በማሰምርበት ጠመኔ ባንኮኒው ላይ ቱርቦ ሣለልኝ። ሞተሩ ላይ ክንፍ ያላት ትንሽ መዘውር አለች፤ የሚወጣው ጭስ ያሽከረክራታል፣ እሷ ደግሞ ለሞተሩ አየር እንዲገባ ታደርጋለች። ጭሱ እሳት ስለሆነ ተራ ብረት አይችለውም፤ አብዛኛው ኒኬል ከሆነ ቅይጥ ነው የምትሠራው።

«እሱም ቢሆን ይደክመዋል» አለኝ። «በአንድ ቀን አይሰበርም። እየጋለ፣ እየተሳበ፣ በዓመት ከፀጉር ያነሰ ይረዝማል። የረዘመው አይመለስም። ከውጭ ስታዪው ግን ደህና ነው።»

ባለማሽኑን ሐጂ ማሜን እንዲቀይሩት ለምኗቸው ነበር። እሳቸው ይህን ሁሉ ዓመት የሠራ ነገር ዛሬ ምን ያገኘዋል ብለው መለሱት። ሻፊ ይህን እየነገረኝ የሣላትን መዘውር በጠመኔው ደጋግሞ ያደምቃት ነበር። እኔ ጨርቄን እያጠፍኩ አየዋለሁ። በዚያች ብረት ቀናሁ፣ ምን ይደረግ።

በመጨረሻ ቀን ተቆረጠ፤ ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ጠዋት ሊመጡ። እናቴ በግ አሳረደች፣ አባቴ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ተቀመጠ። አራቱም ሽማግሌዎች ገበሬዎች ናቸው። ያን ቀን ሲነጋ ሰማዩ ጠቆረ። የደረሰ ስንዴ ዝናብ ከመታው እዛላው ላይ ይበቅላል፤ ስለዚህ የኮምባይነር ተራ የደረሰው የባሌ ገበሬ ንጉሥ ቢጠራው ከማሳው አይነቃነቅም። ሻፊ ደመናውን ሲያይ ማሽኑን ወደ ማን ማሳ ወሰደው? ወደ ሽማግሌዎቹ። ውለታ መዋሉ ነበር። አባቴ ዘንድ የላካቸውን ሰዎች በገዛ እጁ ማሳ ላይ አስቀራቸው።

አባቴ ከሰዓት በኋላ እስከ አስር ሰላት ጠበቀ። ሰገደ፣ ጀለቢያውን አውልቆ አጠፈ፣ አሮጌ ኮቱን ለበሰና ሱቁን ሊከፍት ሄደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ማድ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እንባዬን ስጠርግ ያ እሺ ማለት የለመደው ነገር ውስጤ አልነበረም፤ ብፈልገው አጣሁት።

ጀምበር ጠልቃ አባቴ ከሱቅ ተመልሶ መግሪብ እንደሰገደ በሩ ተንኳኳ። ሻፊ ነው፤ ፊቱ አቧራና ግሪስ ብቻ። በእጁ ክንፎቿ የተበጣጠሱ መዘውር ይዟል። የመጨረሻው ሽማግሌ ማሳ ላይ ቱርቦው ፈነዳ። ስለ ጠዋቱ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ከዚያ ፊቱ በራ።

«ማሽኑ ቆሟል፣ ፈርዶሳ ኮ፣ የኔዋ። ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሥራ የለኝም። ነገ ራሴ ይዣቸው እመጣለሁ፣ ወላሂ።»

«አታምጣቸው» አልኩት።

ሳቅ አለ፤ የተቆጣሁ መስሎት። ካላመንሽኝ ዛሬውኑ ሄጄ ልጥራቸው አለኝ። ራሴን ስወዘውዝ ደነገጠ።

«አንድ ቀን እኮ ነው የቀሩት። አንድ ቀን።»

«እወድሃለሁ» አልኩት። እስከዚያ ቀን በአፌ ብዬው አላውቅም ነበር። «አሁንም እወድሃለሁ። ግን አልችልም፣ ሻፊ። በቃኝ።»

ከውስጥ አባቴ ማን እንደመጣ ጠየቀ። ድምፄን ከፍ አድርጌ፦

«የሐጂ ማሜ ኦፕሬተር ነው» አልኩ። ሻፊ ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፋ።

«ታዲያ አስገቢው እንጂ» አለ አባቴ። «ምግቡ እኮ እንዳለ ነው።»