የተራራቀው ደቦ

ገመዱን መጀመሪያ ያዩት አያ ስማቸው ነበሩ።

የቀበሌው ጤና ሠራተኛ ትርሲት ከጤና ኬላው ወጥታ፣ ከቁሐር ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ ካለው ዋርካ ሥር ወደተሰበሰበው ሰው ስትቀርብ፣ ገመዱን ጠቅልላ በትከሻዋ አንግታው ነበር። በየሁለት እርምጃው ቀይ ጨርቅ አስራበታለች። ቋጠሮዎቹ እኩል እንዲሆኑ አንዴ አስራ፣ ፈትታ፣ እንደገና አስራቸዋለች፤ ነገር ዝንፍ ሲል አትወድም። ሰዉን በቋጠሮው ልክ አቁማ፣ «እንዲህ ተራርቃችሁ ካረማችሁ ኮሮና አይደርስባችሁም» ልትል ነው ሐሳቧ።

አያ ስማቸው ከተቀመጡበት ድንጋይ ብድግ አሉ።

«ገመድ መጣ» አሉ። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም።

ሰዉ ግን እሳት እንደነካው ተነሣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ሰበሰቡ። ያየህ የሚባለው ጎረምሳ ዱላውን ከትከሻው አወረደ።

«ምን ሆናችሁ? ገና አልጀመርኩም እኮ!» አለች ትርሲት።

«ሳትጀምሪ ብንሄድ ነው የሚሻል» አለች አማከለች፤ በቀበሌው ምላሷ የሚፈራ ሴት ናት። «ጀምረሽማ ማን ያስቆምሻል?»

ጥቂት ቆይቶ ከዋርካው ሥር የቀሩት ትርሲት፣ ገመዷና ካሰች ብቻ ሆኑ። ካሰች የቀረችው ሌላ መላ ስለሌላት ነው። ማክሰኞ የሚወጣው ደቦ የእሷ ነበር።

የነገሩ ሥር የወረዳው ከተማ ወረታ ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት በወረዳው የተሰበሰበው የኮሮና ኮሚቴ አንድ ነገር ግራ ገብቶት ነበር። ድምፅ ማጉያ የጫነ ባጃጅ ሜዳውን ሲዞር ሰንብቷል። ስልክ የደወለ ሰው ሁሉ ወዳጁ «ሃሎ» ከማለቱ በፊት ስለ እጅ መታጠብ የሚመክር ድምፅ ይሰማል። የፎገራ ገበሬም ምክሩን አዳምጦ፣ «እግዜር ይስጥልን» ብሎ፣ ወደ ሩዝ ማሳው ሄዶ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ያርማል።

«በምክር ካልሆነ በክልከላ ነው» አለ የኮሚቴው ሰብሳቢ ዓለምነህ። «ደቦ ይቅር። በቃ።»

ትርሲት በስብሰባ ላይ የኋላ ወንበር መርጣ የምትቀመጥ ሰው ናት። ያን ዕለት ግን እጇ ሳታዝዘው ወጣ።

«አቶ ዓለምነህ፣ ማክሰኞ እኔ ባለሁበት ቀበሌ የእትዬ ካሰች ደቦ አለ። ሰዉ ተራርቆ ሲያርም ባሳይዎትስ?»

«ባታሳይኝስ?»

«ያን ጊዜ ይከልክሉ።»

ካሰች ባሏን የቀበረችው ባለፈው ዓመት ነው። በፎገራ ውሃ ሩዙም አረሙም እኩል ይጠግባሉ፤ በጊዜ ያልታረመ ማሳ የአረም ማሳ ሆኖ ይቀራል። አንዲት ሴት ብቻዋን ከወዲህ ጫፍ ስትነቅል ከወዲያኛው ይበቅልባታል። ደቦው ከቀረ የካሰች የዓመት እንጀራ አብሮ ቀረ ማለት ነው፤ ቃሉን የሰጠችው ደግሞ ትርሲት ናት።

«ልጄ» አለች ካሰች ዋርካውን ተደግፋ፣ «ገመድ ይዘሽ ነይ ብሎ የመከረሽ ማነው?»

«ማንም። ርቀቱን ላሳያቸው ብዬ ነው።»

«እዚህ አገር ገመድ መሬት ነው የሚለካ።»

ትርሲት ወረታ ከተማ፣ ከሱቅ ጀርባ ያደገች ናት። ገመድ ለእሷ ዕቃ ማሰሪያ ነው። ካሰች ግን መሬት እንደገና በተከፋፈለበት በሽግሽጉ ዘመን የመሬት ኮሚቴው ገመድ ይዞ እንዴት እንደመጣ ነገረቻት። ገመዱ ከወደቀበት ወዲህ ያለው ያንተ፣ ወዲያ ያለው የሌላ ሰው። የአያ ስማቸው የወንዝ ዳር መሬት፣ ያ ጥቁር፣ ሁለት ጊዜ የሚያበቅለው፣ በአንድ ጠዋት ከገመዱ ወዲያ ቀረ።

«እና አሁን ሰዎቹ ምን ይላሉ?»

«ኮሮናው ሰበብ ነው ይላሉ። መሬቱን ሊሸነሽኑ ነው፤ ሰው አይሰብሰብ የሚሉትም ስንቀማ አብረን እንዳንጮህ ነው ይላሉ።» ካሰች ተነፈሰች። «እውነት ለመናገር እኔም ገመዱን ሳይ ማሳዬ ሊሄድ ነው ብያለሁ።»

ትርሲት ትሣቅ ታልቅስ አላወቀችም። ያን ሁሉ ቋጠሮ የቋጠረችው በገዛ ጣቶቿ ነው።

አያ ስማቸውን ያገኘቻቸው ከደጃቸው ተቀምጠው የቀንበር ማነቆ ሲጠግኑ ነው። ቀና ብለው አላዩዋትም።

«ቤት ለእንግዳ» አሉ እንደ ወጉ። «ገመዱ ግን ከውጭ ይቆይ።»

እሷ ግን ገመዱን አውርዳ ከእግራቸው ሥር ጣለችው።

«ማጭድ ያውሱኛል?»

ግራ ገብቷቸው ሰጧት። ትርሲት ተንበርክካ ገመዱን በየቋጠሮው ቆራረጠችው። ማጭዱ ዱልዱም ስለነበር ጊዜ ወሰደ፤ ሽማግሌው ሥራቸውን አቁመው ያዩ ነበር።

«በዚህ መሬት ይለካል?»

«አይለካም» አሉ አያ ስማቸው። ቁርጥራጩን አንስተው አገላበጡት። «ጥሩ ገመድ ነበር፤ ጥጃ ላስርበት እችል ነበር እኮ። አበላሸሽው።»

ትርሲት ፈገግታዋን ዋጠች።

«በይ ተቀመጪ። ምንድነው የምትፈልጊ?»

ባጃጁ የሚለውን ልትደግም አፏን ከፈተች። ከዚያ ተወችውና ያላትን እውነት ብቻ ተናገረች።

«አያ ስማቸው፣ በሽታው በትንፋሽ ነው የሚሄድ። ሽማግሌ ላይ ይጠናል። እርስዎ ቢታመሙ እኔ የምሰጥዎ መድኃኒት የለኝም።»

«የለሽም?»

«የለኝም። ጤና ኬላውም የለው፤ ወረታም የለ። ያለን መራራቅ ነው፤ እሱም በእናንተ እጅ ነው እንጂ በእኛ እጅ አይደለም።»

ሽማግሌው ማነቆውን ከጉልበታቸው አወረዱ። ውሻቸው መጥቶ ገመዱን አሽትቶ ሄደ።

«እኔ» አሉ በመጨረሻ፣ «በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ መንግሥት 'የለኝም' ሲል ሰምቼ አላውቅም። ይህን ለምን በዚያ ጩኸት አልነገራችሁንም? 'ራቁ! ራቁ!' ሰው ውሻ ነው?»

«አጥፍተናል።»

«አጥፍታችኋል» አሉ ደስ ብሏቸው። «ርቀቱ ቀላል ነው። ዱላዬን ዘርግቼ ያልነካሁት ሰው ርቋል፤ የነካሁት ወዮለት። ችግሩ ዜማው ነው። ሰልፉ ሲረዝም ዜማ አውራጁ ከወዲህ ያወጣል፣ የወዲያ ጫፍ አይሰማም፤ ዜማው ይበጠሳል። ዜማው የተበጠሰበት ደቦ ወገብ የለውም።»

ትርሲት ይህን አላሰበችም ነበር።

«አውራጁ ሁለት ቢሆንስ? ከዚህ ጫፍ አንድ፣ ከዚያ ጫፍ አንድ?»

«ሊሰዳደቡ?»

«ይሰዳደቡ!»

አያ ስማቸው ትን እስኪላቸው ሳቁ። «አማከለችን ከወዲያ ጫፍ ካቆምሻት ይፋግ ከተማ ድረስ ትሰማለች። ተይው፤ ሰዉን እኔ አናግረዋለሁ። አንቺ ስለ መድኃኒቱ ለእኔ እንዳልሽው በያቸው፤ አንድ ቃል እንዳትጨምሪ።»

ማክሰኞ ጠዋት ሜዳው ላይ ጭጋጉ ሳይነሣ ሰዉ ማሳው ዳር ደርሶ ነበር። ሁሉም አፉን በሻሽ ወይም በነጠላው ጫፍ ሸፍኗል፤ በየወገቡ የየራሱ ጣሳ ተንጠልጥሏል፤ የደቦ ጠላ ከአንድ ዋንጫ በዙር መጠጣት ቀርቷል።

«ከቤቴ ዕቃ ጠፍቶ ነው?» አለች ካሰች ቅር ብሏት።

«ዕቃሽማ ሞልቷል» አላት ያየህ። «እኔ ግን ጠላሽን ለማንም ሳላካፍል የምጠጣበት ቀን ስመኝ ነው የኖርኩ።»

ካሰች ሳትወድ ሳቀች።

ዓለምነህ በሞተር ብስክሌት መጣ። ጫማው የተወለወለ፣ ስልኩ በእጁ ነው። ከድንበሩ ላይ ቆመ፤ ትርሲት አጠገቡ፣ ዱላ ያህል ርቃ ቆመች።

ሰልፉ ተዘረጋ። እንዲህ የረዘመ የደቦ ሰልፍ ማንም አይቶ አያውቅም፤ ከጫፍ ያሉት ሰዎች በጭጋጉ ውስጥ ጥላ ይመስላሉ። አያ ስማቸው መሐል ላይ ዱላቸውን ይዘው ቆሙ። ያየህ ከወዲህ ጫፍ ዜማውን አወጣ፤ ሰዉ ጎንበስ አለ።

መጀመሪያ አልሄደም። የመሐሉ ሰው የትኛውን ጫፍ እንደሚቀበል ጠፋው፤ ዜማው እየተንጠባጠበ መጣ። አረሙ ጥቅጥቅ ካለበት ሲደርሱም የኖረ ልማድ ሳባቸው፤ አንዱ ወደ አንዱ ጠጋ፣ ሌላው ተከተለ፣ ሰልፉ ወደ መሐል ተሰበሰበ። ትከሻ ትከሻን ነካ።

«ይኸው» አለ ዓለምነህ። «አላልኩም?» ስልኩን ወደ ጆሮው አነሣ።

ትርሲት ልትጮህ ፈለገች። የካሰችን ፊት አየች፤ ካሰች በእጇ የያዘችውን አረም መጣል ረስታ ዓለምነህን ትመለከት ነበር። ትርሲት ግን አፏን ገጠመች። እሷ ከጮኸች ባጃጅ ሆነች ማለት ነው።

«ያየህ!» የሚል ድምፅ ከመሐል ወጣ። የአያ ስማቸው ዱላ የጎረምሳውን መቀመጫ ቸብ አድርጎታል። «ነካሁህ! ምን ልታደርግ ከጫፍ መጣህ? ልታገባኝ ነው?»

ሜዳው በሳቅ ፈነዳ። አንዱ ሌላውን በክርኑ ሳይሆን በቃል ገፋው፤ «ዞር በል፣ ሳይነኩህ!» ሰልፉ ተከፈተ፤ እንደገና ረዘመ። ያየህ እያሻሸ ወደ ጫፉ ሮጠና ከእፍረቱ ለመውጣት አንገቱን አስግጎ ዜማውን ለቀቀው፤

«ከወዲያ ጫፍ ያለህ፣ ጎንበስ በል ጎበዜ፣
አረሙ ቀደመህ ስታወራ ጊዜ!»

የወዲህ እኩሌታ ተቀበለው። አማከለች ከወዲያ ጫፍ ወገቧን ይዛ ቀና አለች፤ ድምፅዋ ጭጋጉን ሰንጥቆ መጣ፤

«ወሬውስ ያንተ ነው፣ ሥራው የእኛ ሆኗል፣
ዞር ብለህ ተመልከት፣ ማሳው ተጋምሷል!»

የወዲያው እኩሌታ አገሳ። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማቸው? ስድቡ ከጫፍ ወደ ጫፍ ሲመላለስ እጃቸው ከዜማው ጋር ይሮጣል። ማንም ለማንም አይጠጋም፤ የተጠጋ ወደ ሌላው ወገን የከዳ ይመስልበታልና። አረሙ ከኋላቸው ክምር ክምር ሆኖ ቀረ፤ ጭጋጉ ሲነሣ ሩዙ ታጥቦ እንደወጣ ሕፃን ፍንትው ብሎ ታየ።

ዓለምነህ ስልኩን ከጆሮው ካወረደው ቆይቷል።

«ይህን ማን አስተማራቸው?»

«ማንም» አለች ትርሲት። «የሌለንን ነገርናቸው፤ ቀሪውን ራሳቸው አመጡት።»

«አንተ ሰውዬ!» አለች አማከለች ከማሳው መሐል። «ቆመህ ልትቆጥረን ነው የመጣህ? እዚያ ክፍት ቦታ አለ፤ ዱላ ያህል ራቅ ብለህ ግባ!»

ዓለምነህ ሳቀ፤ ጫማውን ፈታ፤ ሱሪውን ጠቅልሎ ጭቃው ውስጥ ገባ። ከተማ ያደገ ነውና መጀመሪያ በጭብጡ ሙሉ የነቀለው ሩዝ ነበር። አማከለች ጊዜ አልሰጠችውም፤

«ጫማውን ፈትቶ የገባው እንግዳ፣
ሩዙን ይነቅላል፣ አረም እንዳይጎዳ!»

ይህን ሁለቱም ወገን አብሮ ተቀበለ። ዓለምነህ ራሱ ወገቡን ይዞ እስኪስቅ ድረስ ደጋገሙት።

ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ማሳው አለቀ። ከትከሻ ለትከሻው ዘመን ቀድሞ ነው ያለቀው፤ አያ ስማቸው ይህን ለሁሉም እየዞሩ፣ ግን ከዱላ ርቀት፣ ነገሩ። ዓለምነህ ጭቃ በጭቃ እንደሆነ ድንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ወደ ወረታ ደወለ። በስልኩ ውስጥ ያለችው መካሪ እስክትጨርስ ጠበቀና፣ «የተረቀቀውን የደቦ ክልከላ ቅደዱት» አለ። «አዎ፣ ቅደዱት። የየቀበሌውን አውራጆች ግን ጥሩልኝ፤ ሁለት ሁለት ሆነው ይምጡ።»

ካሰች ይህን ሰማች። ነጠላዋን ከአፏ ላይ እንኳ ሳታነሣ ከነሽፋኑ እልል አለች። ማሳዋን ከዳር እስከ ዳር ተመለከተችው፤ አረንጓዴ፣ ጥርት ያለ፣ የእሷ። ሁለተኛውን እልልታ ከጎረቤት ማሳ ያልታወቁ ሴቶች ተቀበሏት፤ ሦስተኛውን ከዚያም ማዶ ያሉት። ትርሲት ድንበሩ ላይ ቆማ፣ ሜዳው ላይ ተራርቀው የቆሙ ሰዎች አንድን ድምፅ እየተቀባበሉ ወደ ጣና ሲሸኙት አዳመጠች። እሷም ዓይናፋርነቷን ረስታ፣ አንገቷን ወደ ኋላ ለቃ፣ እልል አለች።