አንድ ስንዝር ትርፍ

ሳንቶስ ብሩሹን ከትከሻው አጥንት ወደ ላይ ሲገፋ አሸዋ ብቻ አገኘ። ደግሞ ጠረገ። የሟቹ የአንገት አጥንት ሦስተኛው አንጓ ላይ ተሰብሮ ቀርቷል፤ ከዚያ በላይ ምንም የለም።

"ጭንቅላቱን ቤቱ ረስቶት ነው የመጣው" አለ ኒካኖር ከጉድጓዱ አፍ ላይ ሆኖ። የኒካኖር ሥራ ባልዲ ማመላለስ ነው፤ ከአፉ ቀልድ አይጠፋም። "እንዳንተ ማለት ነው።"

ሳንቶስ አልሳቀም። ቀና ብሎ ባለ ሦስት ግንዱን የአልጋሮቦ ዛፍ አየ። ከዛፉ እስከ ጉድጓዱ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። የሟቹ ደረት አናት ላይ አረንጓዴ የመዳብ ዝገት አለ። እናቱ ቤት የተቀመጠው፣ ዶን ፋኩንዶ የሚሉት ራስ ቅል አገጭ ላይም ያው አረንጓዴ አለ።

አሁን ከሚቆፍሩት የጥንት ሰዎች መቃብር ጉብታ ግርጌ ባለው በእነሱ መንደር፣ ራስ ቅል የሌለው ቤት ውሻ እንደሌለው ቤት ነው፤ ሌባ ይደፍረዋል። የስቅለት ዕለት ጉብታው ይከፈታል፣ የጥንቶቹ ሰዎችም ያላቸውን ይሰጣሉ ስለሚባል፣ በዚያ ቀን የመንደሩ ወንድ ሁሉ አካፋ ይዞ ይወጣ ነበር። ከአርባ ዓመት በፊት የሳንቶስ አባትም ወጥተው ከዚሁ ዛፍ አሥራ ሁለት እርምጃ ርቀው ቆፈሩ። ወርቅ አጡ። "ባዶ እጄንማ አልገባም" አሉና በአካፋቸው ጠርዝ የአንዱን ሙት አንገት አንዴ መቱ። ጆንያውን ከፍቶ የያዘው የዘጠኝ ዓመቱ ሳንቶስ ነበር፤ ቀጭ ያለው ድምፅ እስካሁን ጆሮው ውስጥ አለ።

ቁፋሮውን የምትመራው ዶክተር ሚላግሮስ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዳ ተንበረከከች። አጥንቱን በማጉያ መስታወት ስታይ ፊቷ በራ።

"ይሄ ምት ነው። መጥረቢያ ሳይሆን አይቀርም። አንገቱን ቀልተው ሠውተውታል።"

"አካፋ ሊሆን አይችልም ዶክተር?" አለ ሳንቶስ፤ አፉ ቀደመው።

"አካፋ? አሸዋው እኮ የተነካካ አይመስልም።"

የዚያ አገር ነፋስ አሸዋን በአንድ ወር መልሶ እንደሚያስተኛ ሳንቶስ ያውቃል። ብሩሹን አንሥቶ መጥረጉን ቀጠለ።

"ከሰዓት በኋላ ሣጥን ሥራለት" አለችው። "ከእግሩ እስከ አንገቱ ለካው። ነገ ጠዋት ከነአሸዋው አንስተን ወደ ከተማ እንወስደዋለን።"

ለምሳ ወደ እናቱ ቤት ሄደ። እማማ ካሲሚራ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ በእጃቸው እየዳሰሱ ባቄላ ይፈለፍላሉ። ዶን ፋኩንዶ እንደ ወትሮው ግድግዳው ውስጥ በተቦረቦረችው ቦታ ተቀምጧል። የሙታን ቀን ሰኞ ስለሆነ ሻማ በርቶለታል፣ ሲጋራም ተለኩሶለታል።

"መጣህ? ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ አኩርፏል። ሲጋራውን ሦስቴ አጠፋብኝ።"

"ነፋስ ነው እማዬ።"

"ነፋስ እዚህ ቤት ውስጥ ምን ይሠራል?"

ሳንቶስ ምሳው ቀርቦለት መብላት አቃተው። የዶን ፋኩንዶ አካል መገኘቱን ነገራቸው። የአሮጊቷ እጅ ባቄላው ውስጥ እንዳለ ቆመ።

"እርግጠኛ ነህ?"

"ጆንያውን የያዝኩት እኔ ነኝ።"

"ምን እያሉት ነው?"

"በመጥረቢያ ተሠዋ ነው የሚሉት።"

"ሞኞች። የቆረጠው አባትህ እኮ ነው።" ወደ ግድግዳው ዞሩ። "ብንሰጣቸው ይገጥሙታል?"

"አይገጥሙትም። መጋዘኑን አይቼዋለሁ። ራስ ቅል ለብቻው መደርደሪያ አለው፣ አካል ለብቻው። ቁጥር ይለጥፉበታል።"

"ስሙንስ?"

"ስም የላቸውም እማዬ።"

"ፋኩንዶ ነዋ ስሙ።"

ሳንቶስ የቀረበለትን ሳህን ወደ ጎን ገፋ አደረገ። ቢናገር ዶክተሯ ሕግ ያስገድዳታል፤ የእነሱን ብቻ ሳይሆን የመንደሩን ራስ ቅል ሁሉ ቤት ለቤት ታሰበስባለች። ዝም ቢል ደግሞ ሰውየው በሳንቶስ አባት ጥፋት ለዘላለም የተሠዋ ተብሎ ይጻፋል። በየትኛውም በኩል ቢዞር ግድግዳ ነው።

"አንተ ከተማ ስትሠራ በከረምክበት አሥራ አንድ ዓመት ማን አዋራኝ?" አሉ እናቱ። "እሱ ነው። ስሞት ከጎኔ ትቀብረዋለህ ብዬህ ምለህልኛል።"

"ምዬልሻለሁ።"

"እንግዲህ እሱ ከእኔ ጎን ሲተኛ፣ አካሉ ከማን ጋር ይተኛል?"

ሳንቶስ ተነሥቶ ወደ ግድግዳው ሄደና መዳፉን ዘርግቶ ከዶን ፋኩንዶ አገጭ እስከ አናቱ ለካ። አንድ ስንዝር ሞላ።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"ምንም። አቧራ ነው።"

"ትናንት ነው የጠረግሁት" አሉ እናቱ፤ ከዚያ በኋላ ግን አልጠየቁትም። ባቄላቸውን ቀጠሉ።

ከሰዓት በኋላ ከጉድጓዱ አጠገብ ሳንቃ አጋደመ። ሰውየውን በገመድ ለካው፤ ከእግሩ እስከ አንገቱ አንድ ሜትር ከሠላሳ። ሳንቃው ላይ በእርሳስ ምልክት አደረገ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት ጨመረና ሌላ ምልክት አደረገ።

"ዓይንህም እንደ እናትህ ደከመ እንዴ?" አለ ኒካኖር። "ረዝሟል።"

ዶክተር ሚላግሮስ ሰምታ ቀረበች። "እውነቱን ነው ሳንቶስ። ባዶ ቦታ ካለው መንገድ ላይ ይንገጫገጫል።"

"በጥጥ እሞላዋለሁ።"

"ምን ሊገባበት ነው?"

"ጭንቅላቱ። ምናልባት ከተገኘ።"

ሳቅ አለች፤ የክፋት አልነበረም። "አይገኝም። የወሰዱት ሰዎች ካለፉ ሺህ ዓመት ሆኗቸዋል።"

ሳንቶስ አካፋውን የሰነዘረውን የአባቱን እጅ አስታወሰ፤ በሕይወታቸው የመጨረሻ ዓመት ማንኪያ እንኳ መያዝ አቅቶት ነበር።

"ይሁን ዶክተር" አላትና መጋዙን ሁለተኛው ምልክት ላይ አሳርፎ መቁረጥ ጀመረ።